ደርሶ መልስ

«የጉዞ ኃላፊ» ስትባል ራሷ የምትጓዝ የሚመስለው ብዙ ነው። ኧረ የት ተገኝቶ። የውኃ ፓምፕ ከሚተክለው ድርጅት ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ካለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጣ ስንቱን መሐንዲስ፣ ስንቱን መካኒክ በአየር ስትልክ ኖራ፣ እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አውሮፕላን ላይ ወጥታ አታውቅም። ማን አውሮፕላን ሲነሣ ጆሮውን እንደሚያመው፣ ማን ከማን አጠገብ መቀመጥ እንደማይወድ፣ የትኛው መሐንዲስ የጠዋት በረራ እንደሚያመልጠው በቃሏ ታውቀዋለች። ሠራተኛው «መላሿ» ይላታል። አለቃ ይልካል፣ እሷ ትመልሳለች እያሉ ያወጡላት ስም ነው።

ስሙ በከንቱ አልወጣም። በድርጅቱ መመሪያ ለረጅም ጊዜ የሚመደብ ሠራተኛ የሚመለስበት ቀን ስለማይታወቅ፣ የሚቆረጥለት የመሄጃ ትኬት ብቻ ነው። እሷ ግን መመሪያውን እንዳላየች ታልፈውና ቀኑ ክፍት የሆነ ደርሶ መልስ ትቆርጣለች። ልዩነቱን ከዚህም ከዚያም አቻችላ ትሞላዋለች። «ለምን ይሄን ሁሉ ትደክሚያለሽ?» ሲሏት «ሰው መመለሻውን ሳይዝ ከቤቱ አይወጣም» ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ምክንያቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

እሱም ባለመስኮቱ ነው። ባለመስኮቱ የፓምፕ መካኒክ ነው፤ ከመስኮት ሌላ ወንበር ከተሰጠው እንደ ልጅ ስለሚያኮርፍ እንዲህ አሉት። ለትኬት ስልክ መደወል ሲበቃ እሱ በእግሩ ይመጣል። እጁን በጨርቅ እየጠረገ በሩ ላይ ይቆምና «መስኮት አለሽ?» ይላታል። እሷም ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል «ላንተ መቼ አጥቼ» ትለዋለች። ለሰሚው ስለ ወንበር የሚያወሩ ይመስላሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

ምክንያቱን የነገረችው አንድ ቀን ዝናብ ክፍሏ ውስጥ ባስጠለለው ጊዜ ነው። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። እሷ ገና ፊደል ሳትለይ ሩቅ ቦታ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ። ውኃ ይብላው፣ ሌላ ቤት ይሥራ፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እናቷ ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ ከዚያ ስሙን ማንሣትም ተዉ።

«መመለሻ ያልተቆረጠለት ሰው፣ የሚጠብቀው የለም ማለት ይመስለኛል» አለችው። «ሞኝነት ነው፤ አውቃለሁ።»

ባለመስኮቱ ሞኝነት ነው አላለም፣ አይደለምም አላለም። ዝናቡ ካባራ በኋላ ግን ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀን ወዲህ ትኬቱን በተቀበለ ቁጥር በጣቱ መታ መታ ያደርግና «የሚጠብቀኝ አለ ማለት ነው» ይላታል። እሷም «አለ» ትለዋለች። ከዚህ ያለፈ የፍቅር ቃል በመሀላቸው አልነበረም። በዚችው ደስ ብሏቸው ይኖሩ ነበር።

ታዲያ ሹመት መጣ።

አንድ ሰሞን ከባድ ማዕበል በረራውን ሁሉ አቋረጠውና የድርጅቱ ሠራተኛ በየአገሩ ተበትኖ ቀረ። አለቆቹ ተሰብስበው ምን ይሻላል ሲባባሉ፣ እሷ ከምድር ቤቷ ስልክ አንሥታ አንዱን በባቡር፣ አንዱን በአውቶቡስ፣ አንዱን በጀልባ እያለች ሁሉንም ለቤቱ አበቃችው። ይህን ያየው ዋና ሥራ አስኪያጁ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሉት ሽማግሌ፣ «ይቺ ልጅ የምታስተዳድረው ትኬት አይደለም፣ ሰው ነው» አለ። በወሩ የአስተዳደርና የድጋፍ ዘርፍ ኃላፊ አድርጎ ላይኛው ፎቅ አወጣት። የመካኒኮቹም የመሐንዲሶቹም ምደባ ከእንግዲህ በእሷ ፊርማ ነው። ሰዉ «ሹመት ያዳብር» አላት። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ አደራ» እያለ የቀለደም አልጠፋም።

ጋሼ በሩን ዘግቶ አንድ ነገር ብቻ ነገራት። «ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ትኬት መቁረጥ የለም። ሁሉን አንቺ ከሠራሽው ሌላው መቼ ይለምዳል?»

እሺ አለች፤ ግን አመሏ የት ይሂድ። በየሰበቡ ምድር ቤት እየወረደች በእሷ ቦታ የተተካችውን ባልደረባዋን ከጀርባ ቆማ ታያለች። እቺን ባልደረባ፣ እጇም ምላሷም ፈጣን ስለሆነ፣ ቶሎ ቶሎ ይሏታል። «እዚህ ጋ አንዴ ላስተካክልልሽ» ስትላት ቶሎ ቶሎ ወንበሯን አዙራ አየቻት።

«እታለም፣ ወንበሩን ከለቀቅሽ እጅሽንም ይዘሽ ውጪ።»

እውነት ስለነበረ አልተቀየመቻትም። ትንሽ ብቻ ተቀየመቻት። ከዚያ በኋላ ግን አልወረደችም።

የከበዳት ሌላው ነው። በተሾመች ማግስት ኮሪደሩ ላይ፣ መሐንዲሶቹ ሁሉ ቆመው ሳለ፣ ባለመስኮቱ ጎንበስ ብሎ «እንኳን ደስ አለዎት» አላት። አለዎት። ትናንት «አለሽ» ሲላት የነበረ ሰው። ፊቷ ጋለና «አመሰግናለሁ፣ እርስዎም ይበርቱ» ብላው አለፈች። ይበርቱ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ቢሮዋ ገብታ በሩን ዘጋችና እንደ ሞኝ ቆማ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆኑ። እሱ ሲያገኛት እርስዎ ይላታል፤ እሷም እርስዎ ብላ ትመልስለታለች። ሁለቱም በየልባቸው አንቺና አንተ እያሉ።

እቤትም እናቷ አላስቀመጧትም። የታጠበ ልብስ እያጣጠፉ፣ ቀና ሳይሉ ነበር የጀመሩት።

«አሁንማ አለቃ ነሽ። ያ መካኒክ ይቅርብሽ።»

«እማ፣ ማን ስለ መካኒክ አወራ?»

«እኔ እናትሽ ነኝ፤ እስኪወራ አልጠብቅም። ሠርቶ አደር ነው፣ አልናቅኩትም። ግን ከወንበርሽ ጋር አይሄድም። ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ የመንገድ ሰው ነው። የመንገድ ሰው እኔ አውቀዋለሁ።»

እናቷ ያጣጠፉትን ልብስ ተቀብላ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደች።

በዚህ መሀል ነው በጣም ሩቅ ላለ አዲስ የፓምፕ ጣቢያ የሚሄዱት ሰዎች ስም ጠረጴዛዋ ላይ የመጣው። ከላይ የእሱ ስም አለ። አጠገቡ «በራሱ ፈቃድ» ይላል። ደግማ አነበበችው። ማንም ሳይልከው፣ በገዛ አፉ ላኩኝ ብሎ ነው። ጠርታ «ምን ነካህ?» ብትለው ምን ነበረበት? እልህ ምላጭ ያስውጣል እንዲሉ፣ ብዕሯን አንሥታ ፈረመችና ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋችው።

ሊሄድ ባለበት ቀን ጠዋት ባልደረባዋ ቶሎ ቶሎ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። ለስብሰባ የሚሆን ወረቀት ልታቀብላት ነበር።

«ባለመስኮቱ እኮ ዛሬ ከቀትር በኋላ ነው የሚሄደው» አለች እግረ መንገዷን። «መሄጃ ብቻ ቆረጥኩለት። መስኮትም አልነበረም፣ መሀል አስገባሁት።»

«መሄጃ ብቻ?»

«መመሪያው ነዋ። መዝገቡን ሳየው፣ አንቺ ደርሶ መልስ ስትቆርጪ የኖርሽው እንዴት እንደሆነ ግራ ይገባኛል፤ ማንም አላስረዳኝም። እሱ ደግሞ ትኬቱን ገለበጠው፣ ደግሞ ገለበጠው። ‹እሷ ታውቃለች?› አለኝ። ‹ፊርማው የእሷ ነው› አልኩት። ምነው፣ አጠፋሁ?»

«አላጠፋሽም» አለች። ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። ቶሎ ቶሎ አላጠፋችም። ያጠፋችው እሷ ናት፤ ስንት ዓመት በድብቅ የሠራችውን ደግ ነገር ለማንም ሳታስረክብ ወንበሩን ብቻ አስረከበች። እሱ ደግሞ ያንን የዝናብ ቀን ወሬ አልረሳም። የሚጠብቀኝ የለም ማለት ነው ብሎ እየሄደ ነው። የነገረችው ራሷ ናት።

ስልኩ እጇ ሥር ነበር። አንድ ጊዜ ደውላ «ቀይሩለት» ብትል ይቀየራል። እጇን ዘረጋችና መለሰችው። ያን ብታደርግ ነገ ሌላው መካኒክ በምን ዕዳው መመለሻ ሳይዝ ይሄዳል? ወረቀቷን ሰብስባ ወደ ስብሰባው ገባች።

ተራዋ ሲደርስ ያዘጋጀችውን ትታ ሌላ ተናገረች። «በቀድሞ ሥራዬ ሳለሁ መመሪያ ስጥስ ኖሬአለሁ» አለች። የሒሳብ ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። «ለረጅም ጊዜ ለምንልከው ሰው ሁሉ መመለሻ እቆርጥ ነበር። በድብቅ ነው ያደረግኩት፤ ስለዚህ እኔ ስነሣ አብሮ ተነሣ። አሁን በግልጽ፣ ለሁሉም እንድናደርገው ነው የምጠይቀው። ሰው ስንልክ እንደምንፈልገው ይወቅ።»

«ወጪ ነው» አለ የሒሳብ ኃላፊው።

«ነው። ሰው አኩርፎ ሲለቅብንም ወጪ ነው፤ እሱን ግን አንጽፈውም።»

ጋሼ አገጩን እያሻሸ ትንሽ አያት። «ጥናትሽን አቅርቢ፤ እናየዋለን» አለ። ዛሬ አልጸደቀም ማለት ነው። እሷም ተነሥታ፣ «ጋሼ፣ ፈቃድ ይስጡኝ» አለች። «የምሸኘው ሰው አለኝ።»

ጋሼ ማንን ብሎ አልጠየቃትም። «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት።

አውሮፕላን ማረፊያው ደርሳ ከታክሲው ስትወርድ ግራ ተጋባች። እስቲ ፍረዱ፤ የዚያን አዳራሽ በሮች በቁጥር፣ በረራዎቹን በሰዓት የምታውቅ ሴት፣ መግቢያው በየት እንደሆነ አጣችው። በወረቀት ሰው ስትልክ ኖረች እንጂ፣ ሰው ሲለያይ ምን እንደሚመስል አይታ አታውቅም። አንዲት እናት የልጇን የኮት ቁልፍ እየቆለፈች ታለቅሳለች። አንድ ሽማግሌ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ይስቃል። እንዲህ ነው እንዴ ለካ የምትልካቸው ሰዎች የሚወጡት።

ባለመስኮቱን ያገኘችው ሰልፉ መሀል ነው። የመሣሪያ ሣጥኑን በእግሩ እየገፋ ይሄዳል። ሲያያት ቆመ።

«እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ተወው እሱን።»

«ምኑን?»

«እርስዎውን። እዚህ አለቃ የለም፣ ሠራተኛም የለም። ምን አድርጌህ ነው እንደ ባዳ የምትጠራኝ?»

ከሰልፉ ወጣ። ከኋላው የነበሩት አለፉት።

«ላስከብርሽ ብዬ ነው» አላት፤ ድምፁ ዝቅ አለ። «አንቺ እያልኩ ብጠራሽ ‹እቺን የሚያዛት መካኒኩ ነው› ይሉሻል ብዬ። ወንበርሽ ገና አልሞቀም።»

«እኔ ደግሞ ራቂኝ ያልከኝ መሰለኝ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ይሄን ሩቅ ጣቢያ በራስህ አፍ ለምን ጠየቅክ?»

የመሣሪያ ሣጥኑን እጀታ ያዝ ለቀቅ አደረገው። «ዓይንሽን እያየሁ እርስዎ ማለት አቃተኝ። ራቅ ብል ይቀለኛል ብዬ ነው። ከዚያ ትኬቱ መጣ።» ትኬቱን ከኪሱ አወጣ። «መመለሻ የለውም። እንግዲህ በዚህ መንገድ ነው የነገረችኝ አልኩ።»

ዕንባዋ መጣ፤ አልከለከለችውም። «ትኬቱን አላየሁትም» አለችው። «ከእንግዲህም የማንንም ትኬት አላይም፤ ሥራዬ ሌላ ሆኗል። ፊርማው ግን የኔ ነው። ከፋኝና ሳልጠይቅህ ፈረምኩ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ምን ይቅርታ አለው።»

«አለው። አሁንም ስማኝ። እዚሁ ሆኜ ብደውል ትኬትህ ይቀየራል። አልደውልም። ዛሬ ጠዋት ለሁሉም ይደረግ ብዬ ጠይቄአለሁ፤ እስኪፈቀድ ለምወደው ሰው ብቻ መመሪያ አልጥስም።»

«ምን አልሽ?»

«መመሪያ አልጥስም አልኩ።»

«ከእሱ በፊት ያልሽውን።»

ያቺ ስብሰባ ሙሉ አለቃ ያልፈራች ሴት እዚህ ጋ ፈራች። ከዚያ ቀና አለች። «ለምወደው ሰው አልኩ። እወድሃለሁ። ስንት ዓመት መስኮት አለሽ፣ አለኝ ስንባባል ምን የምንል መስሎህ ነበር?»

ባለመስኮቱ ዙሪያውን አየ። ሰልፉ በሙሉ ወደ እነሱ ዞሯል፤ ሻንጣው ላይ የተቀመጠው ሽማግሌም አንገቱን አስግጓል።

«ሰው ሁሉ እያየን ነው» አለ ፈገግ እያለ። «አሳፈርሽኝ።»

«ሰው ማሳፈር ሥራዬ ነበር» አለችው ዕንባዋን እየጠረገች። «ለቅቄአለሁ።»

ያኔ ነው ሁለቱም የሳቁት። ስቀው ሲያበቁ እጇን ያዘው፤ መዳፉ ሻካራና ሞቃት ነበር። «እኔም እወድሻለሁ» አላት። «የዛን ቀን ዝናቡ ባይቆም ብዬ ነበር። አሁን ምን ይዤ ልሂድ ታዲያ? ይሄ ትኬት እንደሆነ መሄጃ ብቻ ነው።»

«ቃሌን ይዘህ ሂድ። ውኃው የወጣ ቀን ደውልልኝ፤ መጥቼ እወስድሃለሁ።»

«አንቺ? አውሮፕላን ላይ ወጥተሽ?»

«እኔ።»

በሩን አልፎ እስኪጠፋ ቆማ አየችው። ከዚያ በኋላም አልሄደችም። ደስታና ናፍቆት እንዲህ አንድ ላይ እንደሚመጡ የነገራት ሰው አልነበረም።

ወራት አለፉ። ጥናቱን አቀረበች፤ ይልቁንም እንድታቀርበው ያደረገችው ቶሎ ቶሎን ነው። እሷ ጥግ ተቀምጣ እጇን በእጇ ይዛ ሰማች። ቶሎ ቶሎ በልማዷ እየተቻኮለች የሒሳብ ኃላፊውን መተንፈሻ ነሣችው፤ አዲሱ መመሪያም ጸደቀ። ደርሶ መልስ ለሁሉም፤ ካሁን በኋላ ለሚሄዱት። ቀድመው ለሄዱት አይሠራም ተባለ። ባለመስኮቱ ይህን በስልክ ሲሰማ ሳቀ። «ዕድሌ ነው፤ መሀል ወንበር» አላት።

ከዚያ አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ከወዲያ የሰው ጫጫታ፣ የብረት ድምፅ፣ የልጆች ጩኸት ይሰማል።

«ውኃው ወጣ» አላት። «ትሰሚዋለሽ?»

ሰማችው። ዓይኗን ጨፍና ብዙ ሰማችው።

የዚያን ዕለት ለእናቷ ነገረቻቸው፤ ቁጣ ጠብቃ ነበር። እናቷ ግን ተነሥተው ከቁም ሣጥኑ አናት ትንሽ ሻንጣ አወረዱና አቧራውን በቀሚሳቸው ጠረጉት።

«እማ?»

«አባትሽን ስጠብቅ ኖርኩ እንጂ ልመልሰው አልሄድኩም» አሉ ሻንጣውን እየከፈቱ። «ክብሬ ያዘኝ። ሄጄ ዓይኑን ባየው ቢያንስ ቁርጤን አውቅ ነበር። አንቺ ሂጂ፤ መልሺው። መካኒክም ይሁን።» ቀና አሉ። «እቤት አምጪውና እኔም ልየው።»

አቅፋቸው አለቀሰች። እናቷም አለቀሱ፤ ከዚያ ስንት ቀሚስ እንደምትይዝ ተጨቃጨቁ።

በማግስቱ ጠዋት ከላይኛው ፎቅ ወረደች። ከተሾመች ወዲህ በገዛ ጉዳይዋ ስትወርድ የመጀመሪያዋ ነው። ከደረጃው ሥር ካለችው ክፍል ስትደርስ አልገባችም፤ እሱ ይቆምባት በነበረችው በር ላይ ቆመች።

«መስኮት አለሽ?»

ቶሎ ቶሎ ዞረች። «ለማን ነው አለቃዬ?»

«ዛሬ ተሳፋሪ ነኝ። ለሁለት ሰው። የኔ ደርሶ መልስ ነው፣ ከኪሴ። የእሱን ድርጅቱ ይቆርጥለታል፤ መልስ ብቻ።»

ቶሎ ቶሎ ማን ብላ አልጠየቀችም። ያቺ ፈጣን እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ አለች፤ ዓይኗን በአውራ ጣቷ ጠረግ አደረገችና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች።

«ለመልሱ አጠገብ ለአጠገብ አገኘሁላችሁ። መስኮት ግን አንድ ብቻ ነው፤ ለማንኛችሁ ላድርገው?»

«ስሄድ ለኔ ይሁን፤ ምን እንደሚታይ አላውቅም» አለች። ትንሽ አሰበችና ፈገግ አለች። «ስንመለስ ግን ለእሱ ስጪው። አለዚያ ያኮርፋል።»